ከደም ካሳ እስከ መድን፦ በላስታ መንገድ ላይ የተጎዳ ሰው የካሳ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የተጻፈ)



ስለ ላስታ ታሪክ እንድናገር ስጋበዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቅብኝ ስለ ዛግዌ ነገሥታት፣ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ፣ ወይም በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥፍራውን አይቶ ስለ ጻፈው ፖርቱጋላዊ ቄስ ስለ አልቫሬዝ እንዳወራ ነው። ዛሬ የማነሣው ታሪክ ግን ከዚያ ሁሉ የቀረበ፣ ከቋጥኝም ያልተፈለፈለ ነው። የአንዲት ወረቀት ታሪክ ነው።

በ1986 ዓ.ም. ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ወደ ላስታ ተመልሼ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አጎቴ ከወልድያ ሲመለስ የተሳፈረበት አውቶቡስ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። ባለ አውቶቡሱ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ከቤታችን ደጃፍ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ፣ ተመረቀ፣ ተለመነ፣ በመጨረሻም 1,800 ብር እንዲከፈል ተወሰነ። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን ተባለ። ከተሰበሰበው ሰው መካከል እጅ ጽሑፉ የሚያምረው እኔ ነበርሁ። ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። በውሉ ላይ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ነገሩኝ፣ «ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» የሚል ዐረፍተ ነገር አሰፈርሁ። አጎቴ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመበት። ሁሉም እጄን አመሰገነ።

ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ገልጬ ሳነብ ያ ዐረፍተ ነገር ምን እንደ ነበረ ገባኝ። ታሪክ አጥንቼ ወደ ሕግ ታሪክ ያዘነበልሁት በዚያ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዛሬ ልመልሰው የምሞክረው ጥያቄም ከዚያው የመነጨ ነው፤ የተጎዳ ሰው በሕግ መብት ሳለው፣ ያውም በዘመኑ እጅግ የላቀ መብት ሳለው፣ ስለ ምን ያን ወረቀት ይፈርማል?

1. ከመኪና በፊት፦ ደምና ካሳ

ካሳ ለላስታ ሰው እንግዳ ቃል አይደለም። በሰሜኑ ደጋ ሁሉ ሰው ሲገደል ወይም ሲቆስል ነገሩ የሁለት ግለሰቦች ብቻ አይደለም፤ የሁለት ዘመዳሞች ነው። ሽማግሌዎች ገብተው «ደም ካላደረቁ» በቀሉ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በወሎና በራያ በኩል «ጉማ» የሚለው ቃል ለደም ካሳ ሲነገር መስማት የተለመደ ነው። በጽሑፍ ከቆየን ሕግ አንጻር ደግሞ ፍትሐ ነገሥት አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. በግብፅ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያዘጋጀው ይህ መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተመልሶ መንፈሳዊውንም ሥጋዊውንም ነገር በ51 አንቀጽ ሲያስተናግድ ኖሯል። በቤተ ክህነት የተማረ ሽማግሌ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21ንም ያውቃል፤ ሰውን አቁስሎ አልጋ ላይ ያዋለ ሰው ሥራ ለፈታበት እንዲከፍል፣ እስኪድን እንዲያሳክም ያዝዛል። እዚያው ምዕራፍ ላይ የተዋጊ በሬ ሕግም አለ፤ ተዋጊ መሆኑን እያወቀ ያላሰረ ባለ በሬ ይጠየቃል።

የበሬውን ነገር አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ ሥርዓት ሁለት ነገር አጣምሮ የያዘ ነበር። አንደኛው የተጎጂውን ኑሮ መደገፍ፣ ሁለተኛው ቂምን ማጥፋት። ሁለቱ ግን እኩል ክብደት አልነበራቸውም። የሽምግልናው ዋና ሥራ ነገሩ እንዲሞት፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገበያ እንዲገበያዩ፣ በአንድ ደብር እንዲያስቀድሱ ማድረግ ነው። የገንዘቡ ልክ የሚመዘነው «የተጎጂው ወገን ይቀበለዋል ወይ?» በሚል እንጂ «የተቆረጠው እግር በ20 ዓመት ውስጥ ስንት ጥማድ ያርስ ነበር?» በሚል ስሌት አልነበረም። ይህም ለዘመኑ ትክክል ነበር፤ ገንዘቡ ቢያንስ እንኳ ጎረቤቱ፣ አማቹ፣ የወንፈል ጓደኛው ማሳውን ያርስለታል። ከገንዘቡ የበለጠው ካሳ የተመለሰው ጉርብትና ነበር።

2. መንገዱ

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል አዲስ አበባ ላይ ሲቀበሉ ላስታ የበቅሎ አገር ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የበቅሎ አገር ሆኖ ቆይቷል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ታላቁ መንገድ ከደሴ በወልድያና በቆቦ አድርጎ ወደ መቀሌ ሲወጣ ላስታን በስተ ምዕራብ፣ ከገደሉ በላይ ትቷት አልፏል። የላስታን ደቡባዊ ጫፍ ለመኪና የከፈተው በደርግ ዘመን በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራው፣ ወልድያን ከወረታ የሚያገናኘው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ሕዝቡ ዛሬም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከወልድያ ተነሥቶ የዲልብን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ጋሸና ላይ ሲደርስ ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ከዚያ እስከ ላሊበላ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል።

ይህን መንገድ የሄደበት ሰው ያውቀዋል። ጋሸና ላይ ጉም ሲወርድ የመኪናው አፍንጫ አይታይም። ቁልቁለቱ ፍሬን ያግላል። በሬው፣ በጉ፣ ተማሪው፣ ገበያተኛው ሁሉ የሚሄደው በዚያው አስፋልት ወይም ጠጠር ዳር ነው። በታኅሣሥ ማለቂያ ደግሞ የልደትን በዓል ለማክበር ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምእመን፣ ጥንት በእግሩ ሳምንታት ይጓዝ የነበረው፣ ዛሬ በኮንትራት አውቶቡስ ሌሊቱን ይገሠግሣል።

መንገዱ ያመጣውን በረከት የሚክድ የለም፤ በ1965 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ እህል መንገድ በሌለበት ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚደርስ ወሎ በሕይወት ከፍላ ተምራለች። ነገር ግን መንገዱ ከእህሉና ከጎብኚው ጋር አንድ አዲስ ሰው ይዞ መጣ፤ የሚጎዳን፣ ግን ጎረቤታችን ያልሆነ ሰው። ሾፌሩ የሌላ አገር ልጅ ነው። ባለቤቱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ነው ያለው። በሽምግልናው ሥርዓት ቋንቋ ብንናገር፣ ይህ ሰው ዘመድ የለውም፤ የሚገናኝበት ገበያም የለውም።

3. የ1952ቱ ሕግ

የሚገርመው ነገር የላስታ መንገድ ሳይሠራ የመንገዱ ሕግ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ፈረንሳዊው የንጽጽር ሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ በ1953 ዓ.ም. መባቻም ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 2081 እንዲህ ይደነግጋል፦ የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆንም እንኳ። መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደ ነበር ያስረዳ እንደ ሆነ ብቻ ይድናል። አንቀጽ 2086 ደግሞ ጥፋት አልሠራሁም፣ ምክንያቱ አልታወቀም፣ ልከላከለው አልችልም ነበር የሚለውን መከራከሪያ ይዘጋበታል፤ የሚቀርለት ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ነው።

የዚህን ድንጋጌ ክብደት ለመረዳት ከአገር ወጣ ብለን እንመልከት። ጀርመን ለተሽከርካሪ ልዩ የኃላፊነት ሕግ ያወጣችው በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። በፈረንሳይ በ1925 እ.ኤ.አ. ቤልፎር ላይ አንዲት ልጅ በጭነት መኪና ተገጭታ ነገሩ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ፣ በ1930 እ.ኤ.አ. የዣንደር ፍርድ ተብሎ በሚታወቀው ውሳኔ ላይ የሰበር ችሎቱ መኪናውን በቁጥጥሩ ሥር ያደረገ ሰው ኃላፊነት ይገመትበታል አለ። የፈረንሳይ ሕግ አውጪ ለመንገድ አደጋ ተጎጂዎች ራሱን የቻለ ሕግ ያወጣው ግን በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ከ25 ዓመት በፊት፣ መኪና ገና ባልገባበት የላስታ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ፣ የሾፌሩን ጥፋት ሳያስረዳ ባለቤቱን የመክሰስ መብት በግልጽ የሕግ አንቀጽ ተጽፎለት ነበር።

ይህ መብት ለላስታ ሰው ባዕድ አስተሳሰብ ነበርን? አልነበረም። እዚህ ላይ ነው የበሬው ነገር የሚመለሰው። አጎቴ ከብዙ ዓመታት በኋላ አንቀጹን ሳነብለት ዝም ብሎ ቆየና፣ «በሬ ቢወጋኝ ኖሮ ባለ በሬውን እጠይቅ ነበር፤ መኪና ሲሆን ማን እንደሚጠየቅ አላወቅሁም» አለኝ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ስለ እንስሳት ባለቤት ከደነገገ በኋላ፣ በዚያው ምዕራፍ ስለ መኪና ባለቤት ይደነግጋል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ የሚጠቅምህ ነገር ሌላውን ሲጎዳ አንተ ክፈል። ይህን በአማርኛ፣ በበሬ ምሳሌ፣ ለአጎቴ የነገረው ሰው አልነበረም።

4. ሦስት ተጎጂዎች፣ አንድ አውቶቡስ

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ። አንድ አውቶቡስ ከጋሸና ሲወርድ ተገለበጠ እንበል። ሦስት ሰዎች ተጎዱ። አንደኛዋ በመንገድ ዳር እንጨት ተሸክማ ስትሄድ የተገጨች ሴት ናት። ሁለተኛው ወልድያ መናኸሪያ ትኬት ቆርጦ የተሳፈረ መንገደኛ ነው። ሦስተኛው ሾፌሩ በመንገድ አይቶት አዝኖለት ያለ ክፍያ የጫነው የቆሎ ተማሪ ነው። ሕጉ ሦስቱን በአንድ ዓይን አያያቸውም።

ሴትዮዋ በአንቀጽ 2081 ባለቤቱን በቀጥታ ትጠይቃለች። መንገደኛው ግን ከአጓዡ ጋር ውል አለው፤ አንቀጽ 2089 ወደ ውሉ ሕግ ይመራዋል። የውሉ ሕግ የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ ይህም ሕግ አጓዡ ለአንድ መንገደኛ የሚከፍለውን ካሳ በ40,000 የኢትዮጵያ ዶላር፣ ማለትም በዛሬው አጠራር ብር፣ ይገድበዋል። አጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል እያወቀ የፈጸመው ድርጊት መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ጣሪያው ይነሣል። ፍሬኑ እንደማይሠራ እያወቀ ቁልቁለት የወረደ፣ ከወንበሩ በላይ ትርፍ ሰው ጭኖ በጉም ውስጥ የገሠገሠ ሾፌር ጉዳይ በዚህ ዐይን ሊታይ ይገባል። በነፃ የተሳፈረው ተማሪ ደግሞ ካሳ ለማግኘት የሾፌሩን ጥፋት ማስረዳት ይጠበቅበታል።

አጎቴ ከሦስቱ የትኛው ነበር? ሁለተኛው ነበር፤ ነገር ግን ትኬት አልነበረውም። በመንገድ ላይ ተሳፍሮ ገንዘቡን በእጁ ለረዳቱ ሰጥቷል። እንደ እርሱ ያለው ተሳፋሪ መክፈሉን የሚያስረዳለት አብሮት የተሳፈረ ምስክር ነው፤ ምስክሩም ሌላ አልጋ ላይ ተኝቷል።

የ40,000ውን ቁጥር ደግሞ በታሪክ ዐይን እንየው። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 2.50 የኢትዮጵያ ዶላር ይመነዘር ስለ ነበር፣ 40,000 ማለት 16,000 የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ ለዘመኑ ትልቅ ገንዘብ ነው። የንግድ ሕጉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲሻሻል ስለ ማጓጓዝ የሚናገረው መጽሐፍ አልተነካም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ያው 40,000 ዛሬ 400 የአሜሪካ ዶላር አይሞላም። ለኅሊና ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 የተቀመጠው ጣሪያ ደግሞ 1,000 ነው። በ1952 ዓ.ም. 400 ዶላር ያህል ነበር፤ ዛሬ 10 ዶላር አይደርስም። ነገሩን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ የያኔው ሕግ አውጪ ለሐዘን ብቻ የፈቀደው ገንዘብ ዛሬ ለአንድ መንገደኛ ሕይወት ከተቀመጠው ጣሪያ ይበልጣል። ማንም ይህን የወሰነ የለም። ሕጉ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ጊዜው ወሰነው።

5. ቦርሳ የሌለው መብት

ከ1952 ዓ.ም. ሕግ የጎደለ አንድ ትልቅ ነገር ነበር። ባለቤቱ ኃላፊ ነው ተባለ፤ ባለቤቱ ከሌለውስ? አውቶቡሱ ገደል ከገባ ንብረቱም አብሮ ገደል ገብቷል። እንግሊዝ በ1930 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የመንገድ ትራፊክ ሕግ የሦስተኛ ወገን መድንን አስገዳጅ አድርጋ ነበር። በእኛ አገር የመድን ንግድ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ በ1967 ዓ.ም. 13 የመድን ኩባንያዎች በመንግሥት ተወርሰዋል፤ ኋላም የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተመሥርቷል፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህም የግል መድን ኩባንያዎች ተፈቅደዋል። ነገር ግን ለተሽከርካሪዎች ሁሉ አስገዳጅ የሆነ የሦስተኛ ወገን መድን የመጣው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። ከ1952 እስከ 2000 ዓ.ም. 48 ዓመት ነው። ለ48 ዓመት መብቱ ነበረ፤ ቦርሳው አልነበረም። የአጎቴ እግር የተቆረጠው በዚያ 48 ዓመት ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ 1,800 ብር ሲያስወስኑ፣ «ከዚህ በላይ ከሰውየው ምን ታገኛላችሁ?» ያሉት ከክፋት አልነበረም፤ ከልምድ ነበር።

አዋጁ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። መድን የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ መኪና ለጎዳው ሰው የሚከፍል የመድን ፈንድ አቋቁመዋል። ማንኛውም ተጎጂ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ አድርገዋል፤ በ2005ቱ አዋጅ ይህ እስከ 2,000 ብር ነበር። የካሳውን ልክ ግን ተመልከቱ። በ2005ቱ አዋጅ ለሞት ከ5,000 የማያንስ ከ40,000 የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100,000 ብር ነበር። ያው የ1952ቱ ቁጥር እዚህም ተመልሶ መጣ። ከዚህም በላይ፣ በአዋጁ ስሌት አንድ መኪና ሌላ መኪና ቢገጭ ሊከፈል የሚችለው፣ ሰው ቢገጭ ከሚከፈለው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ይህን የምለው አርቃቂዎቹን ለመውቀስ አይደለም፤ አርቃቂ የሚጽፈው ከፊቱ ሆኖ ከሚከራከረው ሰው አንጻር ነው፤ የተጎዳ ገበሬ ደግሞ በረቂቅ ስብሰባ ላይ አይቀመጥም።

ለሕግ ተማሪዎች አንድ ነገር አስምሬ ልለፍ። የመድኑ ጣሪያ የባለቤቱ ኃላፊነት ጣሪያ አይደለም። መድን ሰጪው እስከ ጣሪያው ይከፍላል፤ በመንገድ ዳር የተገጨችው ሴት ጉዳቷ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀሪውን ከባለቤቱ የመጠየቅ መብቷ በፍትሐ ብሔር ሕጉ እንደ ተጠበቀ ነው። «መድን ከፍሏል፤ አልቋል» የሚባለው የተሳሳተ አባባል ብዙ ሰው ከደጅ መልሷል።

6. ጉርብትና የሌለበት እርቅ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። መብቱ አለ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ቦርሳውም በመጠኑ አለ። ሰው ግን አሁንም ይፈርማል። ስለ ምን?

የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ሽምግልናው የተሠራበት ግንኙነት ጠፍቶ ቅርጹ ብቻ ቀርቷል። ሽማግሌው ያው ነው፣ ምርቃቱ ያው ነው፣ «ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ» የሚለው ልመና ያው ነው። በሌላው ወገን ያለው ሰው ግን ከእርቁ በኋላ ተመልሶ አይመጣም፤ ማሳ አያርስም፣ ለቅሶ አይደርስም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የታረቀበት ወረቀት። ሾፌሩ በወንጀል ተከሶ ከሆነ ወረቀቱ ለቅጣት ማቅለያ ይቀርባል። በፍትሐ ብሔር በኩል ደግሞ ሕጉ ተከራካሪዎች በስምምነት የጨረሱትን ነገር፣ በአንቀጽ 3312 መሠረት፣ በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል። ገበሬው ለእግዚአብሔር ብሎ ይቅር ሲል፣ ወረቀቱ ግን ለፍርድ ቤት ብሎ ይናገራል።

ሕጉ የድንጋጌው አንቀጽ 3347 ቀድሞ የነበረውን የልማድ ሕግ ሽሯል። ልማዱ ግን አልሞተም፤ ከሕጉ ውጭ ሆኖ ለሕጉ አገልጋይ ሆነ። ያውም ለአንዱ ወገን ብቻ።

በዚህ ላይ የጊዜው ነገር አለ። በአንቀጽ 2143 መሠረት ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ መብቱ በይርጋ ይታገዳል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ ያ ረዥሙ ጊዜ ይሠራለታል። ሁለት ዓመት ለከተማ ሰው ረዥም ነው። ወልድያና ደሴ ሆስፒታል ሲመላለስ ለከረመ፣ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ላስወጣ የላስታ ገበሬ ግን ቁስሉ ሳይደርቅ ያልቃል። እንዲህ ዓይነቱን ውል ለማፍረስ መንገድ የለም ማለት አይደለም፤ አንቀጽ 1710 የአንዱ ተዋዋይ ችግር፣ የአእምሮ ገርነት ወይም የሥራ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ ተደርጎ የተገኘ ውል እንዲፈርስ በር ይከፍታል። ያም በር የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። እኔ ሕጉን ባነበብሁ ጊዜ ሁለቱም በሮች ተዘግተው ነበር።

7. የሕግ ድጋፍ፦ ትናንትና ዛሬ

በድሮው ችሎት የተቸገረ ሰው ነገሩን የሚያስረዳለት ነገረ ፈጅ ይፈልግ ነበር። በኋላ ዘመን ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ መጣ። ለብዙ ገጠሬ እስከ ዛሬ ድረስ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የሕግ አማካሪው እርሱ ነው። በሕጉ ውስጥ የተሻለ ነገር አለ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በደሀ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል። አንቀጽ 27 ደግሞ ጉዳቱ በደረሰበት ሥፍራ ባለው ፍርድ ቤት መክሰስ እንደሚቻል ይናገራል፤ በላስታ የተጎዳ ሰው ባለቤቱን ፍለጋ አዲስ አበባ መንከራተት የለበትም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን በወንጀል ክሱ ላይ አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር። በአገራችን ያሉ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት ከፍተዋል።

ችግሩ እነዚህ ሁሉ ተጎጂው ወደ እነርሱ እስኪመጣ የሚጠብቁ መሆናቸው ነው። ሽማግሌው ግን አይጠብቅም፤ አልጋው ድረስ ይመጣል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሲሞቱ አገር ሁሉ አዘነ፤ ዜናውን ሰማን፣ ቁጥሩን ቆጠርን። ቁጥሩን ከቆጠርን በኋላ ያለው ሁለት ዓመት፣ ይርጋው የሚቆጠርበት ሁለት ዓመት፣ ዜና አይሆንም። የሕግ ድጋፍ የሚያስፈልገው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ወደ ሆስፒታሉ እንሂድ። ተጎጂው የአውቶቡሱን የሰሌዳ ቁጥር፣ የትራፊክ ፖሊሱን የአደጋ ሪፖርትና የሕክምና ማስረጃውን እንዲይዝ እንርዳው። የአካል ጉዳቱ መጠን በሐኪሞች ቦርድ ሳይወሰን ምንም ነገር እንዳይፈርም እንንገረው። ደመወዝ የለውም ተብሎ ካሳው እንዳይናቅ፣ ጉዳቱ በትክክል ሊተመን በማይችልበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102 ሥልጣን እንደሚሰጠው እናስረዳ። የገበሬ እግር ደመወዝ ባይኖረውም ምርት አለው።

ሽማግሌዎቹንስ? እኔ ሽምግልና ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። በዚያ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሰዎች አባቶቼ ናቸው፤ በቅንነት የሠሩትን ሥራ አላቃልልም። ሽምግልና ቂምን ይዝጋ፤ ለዚያ ከእርሱ የተሻለ ዳኛ የለም። ካሳውን ግን ለሕጉ ይተውለት። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ በወረቀቱ ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር መለወጥ ይበቃል።

አጎቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። እስከ መጨረሻው አንድም ቀን «አንተ ነህ የጻፍኸው» ብሎኝ አያውቅም። ከሞተ በኋላ ልጆቹ ከሰነዶቹ መካከል ያቺን ወረቀት ሰጡኝ፤ የእጅ ጽሑፌ አሁንም ያምራል። በእርሷ ፈንታ በ1986 ዓ.ም. ልጽፈው ይገባኝ የነበረውን ዐረፍተ ነገር ዛሬ ለእናንተ እሰጣችኋለሁ፤ በየቀበሌያችሁ ውል ጻፍልን የሚላችሁ ሰው አይጠፋምና፣ እባካችሁ ጻፉት፦ «ይህ እርቅ በመካከላችን ያለውን ቂም ይዘጋል፤ በሕግ የሚገባኝን ካሳ የመጠየቅ መብቴን ግን አይዘጋም።»